ከአፌ አትንጠቁኝ

መናኸሪያው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከደመወዝ ከፋዩ በቀር አይገኝም ነበር። ሹፌሩም ረዳቱም፣ ትኬት ቆራጩም ጫኝና አውራጁም የሚሏት «ማይክ» ነው። ከአውቶቡሶቹ ማቆሚያ በላይ፣ በጠባብ የብረት ደረጃ በሚወጣ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ የቱ አውቶቡስ ሊነሳ እንደሆነ፣ የቱ እንደዘገየ፣ የማን ሻንጣ ወንበር ሥር እንደተረሳ፣ የማን ልጅ ከእናቱ እጅ እንዳመለጠ በድምፅ ማጉያ ስትናገር ኖራለች። ምላሱ ጤፍ ይቆላል የሚባለው እንደሷ ላለው ሰው ነው። ደግሞም አትምርም። መንገድ ዘግቶ የቆመ ካየች፣ «የሰማያዊዋ አውቶቡስ ሹፌር፣ እናትህ ቤት መሰለህ እንዴ እንደዚህ የተዘረጋኸው?» ብላ ስታስተጋባ ተሳፋሪው ሻንጣውን አስቀምጦ ይስቅ ነበር።

ወደዚያች ክፍል የወጣ ሰው ግን ከአፏ ይልቅ የሚገርመው ዓይኗ ነበር። አፏ አንዱን አውቶቡስ እየሸኘ ዓይኗ ቀድሞ ሌላው ላይ አርፏል። ስለሱ ለመናገር ምላሷ እስኪደርስ ዓይኗ ቦታ ይዞ ይጠብቀዋል። ይህን የደረሰበት አንድ አዲስ ሹፌር ነበር፣ ብልጥ ነኝ ባይ። ገና ዓይኗን ስትጥልበት፣ ሳትጠራው፣ ሞተሩን አስነስቶ ይወጣል። አንድ ቀን እንደለመደው ሲወጣ ከሌላ አውቶቡስ ጋር ሊላተም ለጥቂት ተረፈ። ማይክ ማጉያውን አፏ ላይ አስጠግታ፣ መናኸሪያው በሙሉ እየሰማ፣ «ስማ አንተ! ዓይኔ ጠርቶህ ይሆናል እንጂ እኔ አልጠራሁህም! ያየሁህ ቁም ልልህ ነበር!» አለችው። በሹፌሩ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል።

ጡረታ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ነው ቀን የጣላት። አንድ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ፎጣ ልታነሳ ስትል ቀኝ እጇ እምቢ አላት። ሰው ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰላት፣ የተጣመመው ከንፈሯም ተቃና፣ ቀኝ እጇ ግን እንደሰነፈ ቀረ፤ መጻፍም አብሮት ሄደ። የሚሏትን ሁሉ ትሰማለች። ቀልዱ ይገባታል፣ ሐሜቱማ ከሁሉም ቀድሞ ይገባታል። የምትለውንም ታውቃለች። ቃሉ ነው ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ አልወጣም የሚላት፤ ሲወጣም አንዳንዴ ሌላ ሆኖ ይወጣል። በተለይ «አዎ» እና «አይ» ተምታተውባት ነበር። አይ ልትል ብላ አዎ ትላለች። ጭንቅላቷ ሳይቀር ከአፏ ጋር አድሞ፣ መወዝወዝ ሲገባው ይነቀነቃል።

ልጆቿ ሁለት ናቸው። ታላቁ ወንድ ነው፣ የወለል ንጣፍ ነጋዴ። ሴቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ሁለቱም ትዳር ይዘው በከተማው ሌላ ጫፍ ይኖራሉ፤ እናታቸው ከታመመች ወዲህ ግን በየተራ እየተመላለሱ፣ ሌሊትም አጠገቧ እያደሩ ነው ያስታመሟት። ልጆቿ ደጎች ናቸው፣ ይህን ማንም አይክደውም። በተለይ ወንዱ እናቱ ካስነጠሰች ሐኪም የሚጠራ ነው። ደግነቱ ግን ችኩል ነው፣ ችኩል ደግነት ደግሞ ከክፋት ባልተናነሰ ያቆስላል።

ዓይኗን ማንበብ የጀመረው እሱ ነው። አንድ ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ እናቱ አፏን ከፍታ ስትታገል፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ጆግ ሲሄድ አየ። «ውሃ!» አለ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። ቀዳላትና ጠጣች። እውነትም ጠምቷት ነበር። ልጇ የወርቅ ጉድጓድ ያገኘ ያህል ተደሰተ። «ዓይኗን እዩ! ሁሉም ነገር ዓይኗ ላይ ነው!» እያለ ለእህቱ፣ ለሚስቱ፣ ለጎረቤቱ አስተማረ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ማይክን የሚያዳምጥ ሰው ጠፋ። ሁሉም ተመልካች ሆነ። ጠያቂ ሳይቀር ከንፈሩን እየመጠጠ ፊቷ ላይ ያፈጣል፤ ቀድሞ የገመተ ደግሞ ጎበዝ ይባላል።

መጀመሪያ ላይ አመስግናቸዋለች። ጥማቷ የሚቆረጥላት ሰው ምን ትላለች? ኋላ ላይ ግን ነገሩ መጣመም ጀመረ። ሻይ ሲመጣላት ዓይኗ ወደ ስኳሩ ይሄዳል። «ስኳር አታድርጉብኝ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል» ለማለት ነበር፤ ሴቷ ልጇ ግን «አይዞሽ እማዬ፣ እጨምርልሻለሁ» ብላ ሌላ ማንኪያ ትከልሳለች። ማይክ ትኩር ብላ ስኳሩን በዓይኗ ስትበላው ሌላ ማንኪያ ይደገማል። ጥርሷን እስኪቆረጥማት ድረስ ሽሮፕ ስትጠጣ ከረመች። መስኮቱን አይታ «ያቺ የምታልፈው ሴት በውሰት የወሰደችብኝን ወንፊት አልመለሰችም» ልትል ስታቃስት፣ ብርድ ገባሽ ብለው መስኮቱን ይዘጉባታል። በንዴት ጠረጴዛ ስትመታ «ዛሬ ሆድ ብሷታል» ይባባላሉ። ወይ አለመቻል! ያ ሁሉ መናኸሪያ በእሷ አፍ ይነሳና ይቆም ነበር፣ ዛሬ አንድ ማንኪያ ስኳር ማስቆም አቃታት።

ይህ ሁሉ ግን ስኳር ነው፣ ይታለፋል። ያልታለፈው የቤቱ ነገር ነው።

ቤቷ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ባሏ ገና ልጆቹ ሳያድጉ ትቷት ስለሄደ፣ በራሷ ደመወዝ ብሎኬቱን ቀስ በቀስ አስደርድራ፣ አንዱን ክፍል ሠርታ እዚያው ውስጥ እየኖሩ ሌላውን የጨረሰችው እሷ ናት። ከአልጋዋ ሆና የአውቶቡሶቹን ጡሩምባ ትሰማለች፣ የቱ ሹፌር እንደሆነ ከአነፋፉ ታውቃለች። አንድ ቀን ወንዱ ልጇ ከእህቱ ጋር መጣና ጉልበቷ ሥር በርከክ ብሎ፣ «እማዬ» አለ፣ «መመላለሱ ከብዶናል። ብቻሽን ሆነሽ አንድ ነገር ብትሆኚስ? ይሄን ቤት እሸጠውና እኔ ጋ ግቢ። ጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ቀለም አስቀባልሻለሁ። ምን ትያለሽ?»

የማይክ ደም ፈላ። የምትለው ወዲያው ነው ሙሉውን የመጣላት፦ አንተ ይህን ቁልፍ ከነካህ እጅህን እሰብረዋለሁ! ዓይኗ ልጇ ላይ ወደቀ። ከልጇ ተነስቶ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ወደተንጠለጠለው የቤቱ ቁልፍ ሄደ። አፏ ገና «አ...» እያለ ነበር።

ልጇ ዞር ብሎ ዓይኗ የሄደበትን አየ። ቁልፉን አየ። መልሶ እናቱን አየ። ፊቱ በአንድ ጊዜ በእንባ ራሰ።

«ልጄ ሆይ፣ ቁልፉን ውሰድ አለችኝ» አለ ለእህቱ። «አየሻት? መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ቁልፉን!»

«አዎ!» ብላ ጮኸች ማይክ። «አዎ! አዎ! አዎ!» አይ ማለቷ ነበር። በደህናው ግራ እጇ ጠረጴዛውን ደበደበች፣ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። ልጇ ግንባሯን ሳመና ቁልፉን ከምስማሩ አውርዶ ኪሱ ከተተ። ሴቷ ልጇ ስብርባሪውን እየለቀመች «ደስታም ሐዘንም ሲደራረብባት ነው» አለች። ሁለቱም አለቀሱ። ማይክም አለቀሰች፤ እሷ ያለቀሰችው ግን በንዴት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እነዚህ ግን ሳይንቋት፣ እየሳሟት ነው አጥሯን የነቀሉባት።

በማግስቱ የንግግር ሕክምና ቀጠሮዋ ነበር። ሐኪሟ ዕድሜዋ ከሴቷ ልጅ የማይበልጥ፣ ሁልጊዜ የቸኮለ የሚመስል ፊት ያላት፣ ግን ፈጽሞ የማትቸኩል ሴት ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፦ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ባዶ ግድግዳ፣ አንድ ክምር ስዕል። የዚያን ቀን ያወጣችው ስዕል ላይ ውሻ የፖስተኛ ሱሪ ይዞ ይጎትታል፣ አንዲት ሴት ደግሞ በመስኮት ሆና ትስቃለች።

«እማማ፣ ምን እየሆነ ነው? ጊዜ ይውሰዱ» አለች ሐኪሟ።

ማይክ ስዕሉን አየችና አፏን ከፈተች። «ው...»

«ውሻ!» አለች ሴቷ ልጇ ከጎኗ። «ውሻውን ነው የምታየው። አሁን ፖስተኛውን! ውሻው ፖስተኛውን ነከሰው ልትል ነው።»

ሐኪሟ ስዕሉን ደፋችው። «ተናግረሽ ጨረስሽ?» አለቻት። «በይ እንግዲያው ዛሬ ታካሚዋ አንቺ ነሽ። እማማ፣ እርስዎ የልጅዎን ዓይን ብቻ ይመልከቱ።» አዲስ ስዕል አውጥታ ልጅቷ ፊት አቆመች። ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ ማሰሮ ሊያወርድ ሲንጠራራ፣ ድመት ከሥሩ ተኝታለች።

ልጅቷ አፍራ ሳቀችና ጀመረች። «ልጁ ማሰሮውን ሊያወርድ ነው፣ ድመቷ ግን...»

ማይክ የልጇን ዓይን ስትከታተል በጆሮዋ የምትሰማውና በዓይኗ የምታየው አልገጥም አላት። ልጅቷ ገና «ልጁ» ብላ ሳትጨርስ ዓይኗ ማሰሮው ላይ ነበር። «ማሰሮውን» ስትል ደግሞ ማሰሮውን ትቶ ድመቷ ላይ ወርዷል። ዓይኗ ፊት ፊት ይሮጣል፣ አፏ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ይህንንማ ታውቀዋለች! ይህ እኮ የእሷ የመስታወት ክፍል ነው! ታምማ አይደለም እንዲህ የሆነችው፣ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው። ማይክ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆዷ ሳቀች።

«ገባዎት አይደል?» አለች ሐኪሟም እየሳቀች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሰው ሲናገር ዓይኑ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ሊጠራው ያለውን ያያል፣ እሱን እየጠራ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። እናትሽም ከመታመማቸው በፊት እንደዚሁ ነበሩ፣ አሁንም እንደዚሁ ናቸው። ውሻውን፣ ፖስተኛውን፣ ሴትየዋን በተራቸው ነው ያዩዋቸው። ንግግሩ ውስጣቸው አለ። የጎደላቸው ጊዜ ነው፤ እሱን ደግሞ እናንተ ትነጥቋቸዋላችሁ።»

«እኛ እኮ ልንረዳት ነው» አለች ልጅቷ።

«ዓይን ስለማን ሊወራ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ምን ሊባል እንደሆነ አይናገርም። እኔ አሁን አንቺን አይቼ ልመርቅሽም ልረግምሽም እችላለሁ።»

የልጅቷ ፊት ቀስ ብሎ ተለወጠ። «እማዬ» አለች፣ «ትናንት ቁልፉን ስታዪ... ውሰድ ማለትሽ...» ሐኪሟ እጇን አንስታ አስቆመቻት። ማይክ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። መልስ አያስፈልግም ነበር።

«ወይኔ! ወንድሜ እኮ ቅዳሜ ገዢ ሊያመጣ ነው!» ብላ ተነሳች ልጅቷ። «አሁኑኑ ደውዬ እነግረዋለሁ። እኔ እነግርልሻለሁ!»

ማይክ በግራ እጇ የልጇን ክንድ ያዘች። አያያዟ የበሽተኛ አልነበረም። ልጅቷን ጎትታ ወንበሯ ላይ መልሳ አስቀመጠቻት፣ ከዚያ ጣቷን ወደ ራሷ አፍ ቀሰረች። «እ...» አለች። ታገለች። «እ... ኔ።» የልጇን አፍ ተውሳ ቤቷን ማስመለስ አልፈለገችም። ዛሬ ልጇ ብትናገርላት ነገ ደግሞ ሌላው ይናገርላታል፣ ከነገ ወዲያ ገዢው ራሱ ይናገርላታል። ልጅቷ ለወንድሟ ትንፍሽ እንደማትል ማለች።

ያን ሳምንት ማይክ ስዕል አላይም አለች። ሐኪሟ ያወጣችውን ሁሉ እየደፋች ቅዳሜ የምትለውን አንድ ነገር ብቻ ትለማመዳለች። አስቸጋሪው የሰው ፊት ነበር። ቃሉ ሊመጣ ሲል አንድ ሰው ፊቷ ላይ ካፈጠጠ፣ በተለይ ከንፈሩን ከእሷ ከንፈር ጋር እያንቀሳቀሰ ከጠበቃት፣ ቃሉ ይበተናል። «ጤነኛውም ሰው ነገር ሲከብደው ዓይኑን ከሰው ፊት ያሸሻል» አለቻት ሐኪሟ። «ጣሪያ የሚያየው፣ መሬት የሚያየው ለዚያ ነው። እርስዎም ይሽሹ፣ ነውር የለውም።» ማይክ ባዶውን ግድግዳ አየች። ግድግዳው አይቸኩልም፣ ከንፈሩንም አይመጥም። ሐኪሟ ደግሞ ቆየት ብላ ከንፈሯን ነከሰችና፣ «እኔም ቤትዎ መጥቼ ልናገርልዎ አስቤ ነበር» አለች። ማይክ ገላመጠቻት። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እኔም ሌባ ልሆን ነበር።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎኑ ሞላ። የማይክ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ልጆቹ ጋሼ የሚሉት፣ ዋናውን ወንበር ይዟል። ወንዱ ልጅ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ሴቷ ልጅ በር አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ገዢው ጫማ ነጋዴ ነው፤ ከገባ ጀምሮ ጣሪያውን ግድግዳውን እየቃኘ፣ የቱን አፍርሶ የቱን እንደሚያስቀር በልቡ እየቆረጠ ነበር። ማይክን ሰላም ሲላት እንኳ ከኋላዋ ያለውን የግድግዳ እርጥበት ነው ያየው።

«እንግዲህ» አለ መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ነገሩ ጥሩ ነው። ግን እህቴ ተስማምታለች ወይ?»

«ተስማምታለች ጋሼ» አለ ልጅ። «በዓይኗ ነግራኛለች። ቁልፉን ራሷ ናት የሰጠችኝ።»

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» አለ መምህሩ። ተረት ካገኘ ማስረጃ አይፈልግም። «ቢሆንም ለደንቡ ልጠይቃት። እህቴ፣ ቤቱ ይሸጥ?»

ሰው ሁሉ ወደ ማይክ ተጠጋ። ልጇ ከፊት፣ ወንድሟ ከጎን፣ ገዢው ሳይቀር አንገቱን አሰገገ። ሊፈላ የተቃረበ ወተት እንደሚጠብቁ ሰዎች ዓይኗ ላይ ተከመሩ። ማይክ አፏን ከፈተች። «ል... ልጄ...»

«ልጄ ያውቃል ትላለች!» አለ ልጇ ፊቱ በርቶ። «አየኋት ጋሼ፣ እኔን ነው ያየችው።»

ሴቷ ልጅ «ኧረ ወንድሜ...» ብላ ጀመረችና ማይክ ዞር ብላ ስታያት አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ ማይክ ተነሳች። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ልትሄድ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እሷ ግን የተቀመጠችበትን ወንበር በግራ እጇ ያዘችና መሬት ለመሬት መጎተት ጀመረች። እግሩ ወለሉን እየፋቀ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ አወጣ። ልጇ ሊያግዛት ሲነሳ በክርኗ ገፋችው። ወንበሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ወሰደች፣ አዞረችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀመጠች። ለወንድሟ፣ ለልጇ፣ ለእንግዳው፣ ለሁሉም ጀርባዋን ሰጠች።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለ መምህሩ ቱግ ብሎ። «በእንግዳ ፊት ጀርባ ይሰጣል እንዴ? እኔ እኮ ታላቋ ነኝ!»

«ጋሼ፣ አይቆጡ፣ ጭንቅላቷ ነው» አለ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሐኪሞቹ እንዲህ ሊያደርጋት ይችላል ብለው ነበር። እማዬ፣ ነይ ዙሪ...»

«አትንኳት!» አለች ሴቷ ልጅ። በሕይወቷ ወንድሟ ላይ ጮኻ አታውቅም። «ማንም አይናገር! አንድ ቃል እንዳትናገሩ! አፍ አላት አይደል? ጠብቁ!»

ፀጥታ ሆነ። ጨዋ ሰው ሲያወራ የሚኖረው ዓይነት ፀጥታ አልነበረም፤ የሚያሳክክ፣ እግር የሚያስወዛውዝ ፀጥታ ነበር። ዓይኗ ስለማይታያቸው የሚገምቱት ነገር አጡ። ገዢው ሰዓቱን አየ። ከውጭ አንድ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ።

ማይክ ግድግዳውን አየች። ልክ የመስታወት ክፍሏ ውስጥ ሆና መናኸሪያውን ቁልቁል እንደምታይ፣ ነገሯን በቦታ በቦታው አቆመችው። በግራ ልጇን አስቀመጠች። በቀኝ ቤቷን። ከመካከል ራሷን። ዓይኗ ከግራ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ። ካልወጣላትስ? ካልወጣላት ሰኞ ዕቃዋ በካርቶን ይታሸጋል፣ እሷም እንደ አንድ ዕቃ ተጭና ትሄዳለች። አይሆንም።

«ልጄ» አለች።

የልጇ አዲስ ሸሚዝ ሲንኮሻኮሽ ተሰማት፤ ሊነሳ ነበር። ወንድሟ «ተቀመጥ» አለው በሹክሹክታ።

«ልጄ... ይወደኛል።»

ከኋላዋ ልጇ በረጅሙ ተነፈሰ። ይኸው ብሎ ሊጀምር እንደሆነ ከትንፋሹ አወቀች። ግራ እጇን መኪና እንደሚያስቆም የትራፊክ ፖሊስ ወደ ላይ አነሳች፤ አልጨረስኩም ማለቷ ነበር። አላወረደችውም።

«ግን...» ዓይኗ ወደ ቀኝ ተሻገረ። ቃሉ ቆመ። መጣና ሌላ ሆነ፦ «ወን... ወንበ...» አይደለም። ጥርሷን ነከሰች። መልሳ ከግራ ጀመረች። እጇን አሁንም አላወረደችም። «ግን... ቤቴን... አይሸጥም።»

አንድ ሰው ሊናገር አፉን ሲከፍት ከንፈሩ የሚያወጣው ትንሽ ድምፅ ተሰማ። እጇ እንዳለ ነበር። ያም ሰው አፉን መልሶ ዘጋ።

«ዓይኔ...» አለች። ይህንን አልተለማመደችውም ነበር፣ ራሱ ነው የመጣው። «ዓይኔ... አልሸጠም። አፌ... ነው። አፌን... ጠብቁ።» ምራቋን ዋጠች። «አል... ሞትኩም!»

የመጨረሻው ቃል የወጣው በድሮው ድምፅ ነው፤ ከመናኸሪያው አጥር ውጪ ይሰማ በነበረው። ገዢው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እንግዲህ እኔ...» ብሎ ሸኙኝ እንኳ ሳይል ወጣ። መምህሩ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አዟዟረ። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ» ብሎ ጀመረና፣ ተረቱ ለዛሬ እንደማይሆን ገብቶት በመሃል ተወው።

ማይክ ወንበሯን እንደገና እየፋቀች ወደ ሰው አዞረች። ማንም ሊያግዛት አልተነሳም። ላብ በላብ ሆናለች፣ ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ግን ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ልጇ ፊት ለፊቷ ቆሟል። አዲሱ ሸሚዝ ድንገት ሰፋው።

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ይዞታል። አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ዓይኑ ቁልፉ ላይ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል በር፣ ከዚያ ወደ እናቱ። ማይክ አየችው። ይቅርታ ሊላት ነው። ቁልፉን ወሰድኩብሽ፣ ከቤትሽ ላስወጣሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ ሊል ነው። «ይቅር ብዬሃለሁ» ለማለት ፊቷን ማላላት ጀምራ ነበር።

«ሌሊትስ?» አለ ልጇ። «ያ ክፍል ውስጥ ሌሊት ብትወድቂስ እማዬ? እኔ ሱቅ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ እሷም እንደዚሁ፣ ሁልጊዜ ማደር አልችልም። እየፈራሁ ነው የምተኛው፣ ገባሽ? ቤቱ ይቅር እሺ። ግን ማነው ካንቺ ጋር የሚሆነው?»

ይቅርታ አልነበረም። ማይክ ፊቷን መልሳ አጠበቀችው። እሷም እንደነሱ ዓይን አንብባ ተሳስታ ነበር፣ ይህም አናደዳት፣ ጥቂትም አሳቃት። ልጇ የጠየቃት ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ጠይቋት አያውቅም፤ እስከ ዛሬ ሲጠይቅ መልሱን ይዞ ነበር። አሁን ምንም አልያዘም። ቁልፉን እንኳ የያዘው ልክ የሰው ዕቃ እንደሚያዝ ነው።

ወደ ግድግዳው አልዞረችም። ዓይኗን ከዓይኑ ላይ አልነቀለችም። ወደ ቁልፉም፣ ወደ ክፍሉም፣ ወደ ሴት ልጇም አላየችም።

«እኔ» አለች።

ልጇ ቀሪውን ሊሰማ ጠበቀ። ቀሪ አልነበረውም፤ «ማነው?» ላለው መልሱ ያ ነበር።